በእንቁጣጣሽ ኮንሰርት ላይ የመራጮች ምዝገባ ጠረጴዛ፦ ሙዚቃው፣ ቀልዱና ፖለቲካው እንዴት ሳይጣሉ ይሂዱ?

አድናቂ_20910

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 12፣ 2026 (መስከረም 2፣ 2019 መሆኑ ነው) የዘመን መለወጫ የሙዚቃና የኮሜዲ ምሽት ተይዟል። አዳራሹ 250 ሰው ይይዛል፣ ባለቤቱም 501ሲ3 (ከግብር ነጻ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት) የሆነ ማኅበር ነው። መድረክ ላይ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራምና ክራር ያለው ባንድ፣ አንድ አዝማሪ ከነማሲንቆው፣ ሁለት ኮሜዲያን ይኖራሉ። እኛ አዘጋጆቹ የሙዚቃ አድናቂዎች ነን፣ የማንም ፓርቲ ሰዎች አይደለንም። ግን ኖቬምበር 3 ሜሪላንድ ከገዥው ጀምሮ እስከ ካውንቲ ካውንስል ትመርጣለች፤ የእኛ ሰው ደግሞ ለሀገር ቤት ፖለቲካ ሌሊቱን ሲከራከር አድሮ እዚህ ያለውን ምርጫ ይረሳዋል። ስለዚህ የምዝገባ ጠረጴዛ ማቆም አስበናል።

የተጣበቅንባቸውን ልንገራችሁ። አንዱ ጓደኛችን «ለተመዘገበ ሁሉ አንድ ቢራ በነጻ» የሚል ሐሳብ አመጣ፤ ይቻላል? ኮሜዲያኖቹ ፖለቲካ ቢነኩ ማኅበሩን ችግር ውስጥ ይከቱታል? የካውንስል ተወዳዳሪ የሆነ ሰው «5 ደቂቃ ማይክ ስጡኝ» ብሎናል። አዝማሪው «ተቀበል» ባለ ቁጥር ደግሞ ከታዳሚው ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። በመጨረሻም ቅደም ተከተሉን፣ ማለትም ማን ከማን በፊት መውጣት እንዳለበት የሚያውቅ ካለ ይርዳን።

ቆጣሪ

ከቢራው ልጀምር፣ ምክንያቱም ከጠየቃችሁት ሁሉ የሚያስፈራው እሱ ነው። የፌዴራል እጩ ባለበት ምርጫ ለመመዝገብም ሆነ ድምጽ ለመስጠት ክፍያ መስጠት፣ ለመስጠት ቃል መግባት፣ መቀበልም ወንጀል ነው፤ ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላር ወይም እስከ 5 ዓመት እስር ይደርሳል። ኖቬምበር 3 የኮንግረስ መቀመጫ ወረቀቱ ላይ ስላለ ሕጉ ይመለከታችኋል። ቢራ፣ የትኬት ቅናሽ፣ ለተመዘገቡ ብቻ የሚወጣ ዕጣ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ ይገባል። ዳቦና ቆሎ መስጠት ከፈለጋችሁ በበሩ ለገባ ሁሉ ስጡ፤ ተመዘገበም አልተመዘገበም።

ሁለተኛው ከቢራውም የባሰ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ አዘጋጁን ሳይሆን እንግዳውን ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ያልተቋጨ፣ በቲፒኤስም (በጊዜያዊ ጥበቃ ፈቃድ) ሆነ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው የስቴቱን ፎርም ከሞላ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ብሎ ፈረመ ማለት ነው። ይህ ከሀገር ሊያስባርር ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ላይም «ለምርጫ ተመዝግበው ያውቃሉ?» ተብሎ በቀጥታ ይጠየቃል። «በጎ ፈቃደኛው ፈርም አለኝ» የሚል መልስ አያድንም። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ በትልቁ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በእንግሊዝኛ «የአሜሪካ ዜጋ ከሆኑ ብቻ» ብላችሁ ለጥፉ። ሰውን በሰው ፊት «ዜጋ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል፤ ጽሑፉን በጣት አሳይቶ «ይህን አንብበውታል?» ማለት ይበቃል። የሚያመነታ ካለ አትግፉት፤ ስልኩን ይዞ ቤቱ ይሂድ።

ወረቀት አትሰብስቡ። የሰው ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና የልደት ቀን በእጃችሁ ያድራል፣ ሰኞ ላይ አንዱ ፎርም መኪና ውስጥ ተረስቶ ይገኛል። የስቴቱን የምርጫ ቦርድ ገጽ የሚከፍት ኪውአር ኮድ አሳትሙ፤ ሰውየው በራሱ ስልክ ራሱ ይመዝገብ። የኤምቪኤ (የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት) መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ ከያዘ 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። አራት በጎ ፈቃደኛ ብታቆሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰማንያ ሰው ድረስ ማስተናገድ ትችላላችሁ፤ ያን ያህል ሰው አይመጣም እንጂ። አብዛኛው የሚመጣው «ተመዝግቤ ነበር መሰለኝ» የሚለው ነው፤ ለእሱ ደግሞ መዝገቡን መፈለጊያ ገጽ ይክፈቱለት። ቤት ቀይሮ አድራሻውን ያላስተካከለ ሰው ብዙ ታገኛላችሁ።

የእኛ ሰው የሚሳሳትባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንዱ ስም ነው፦ ወልደጊዮርጊስ አንድ ቃል ሆኖ ኤምቪኤ ላይ፣ ሁለት ቃል ሆኖ ዜግነቱ ላይ ይገኛል። መታወቂያው ላይ እንዳለው፣ ክፍተቱም ሳይቀር እንደዚያው ይጻፍ። ሌላው የልደት ቀን ነው፤ እኛ ቀኑን አስቀድመን ወሩን እናስከትላለን፣ እዚህ ወሩ ይቀድማል። 03/11 ብሎ የጻፈ ሰው ማርች 11 ነው ኖቬምበር 3? ከመዝገብ ጋር ካልገጠመ ጉዳዩ ይንጠለጠላል። ፎርሙ ላይ ፓርቲ የሚመረጥበትን ሳጥን በተመለከተ በጎ ፈቃደኛው ዝም ይበል። «የትኛውን ላድርግ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «የእርስዎ ፈንታ ነው» ብቻ ነው።

ቀኖቹ፦ መደበኛው ምዝገባ ከምርጫው 21 ቀን በፊት፣ ኦክቶበር 13 (ጥቅምት 3) ይዘጋል። ቀድሞ መምረጫው ከኦክቶበር 22 እስከ 29 ነው፤ እዚያ አድራሻ የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ የሄደ ሰው በዕለቱ ተመዝግቦ መምረጥ ይችላል፣ በምርጫው ቀንም በራሱ ጣቢያ እንዲሁ። ለሌሊት ተረኛ ነርስና ለታክሲ ሹፌር የሚሻለው የፖስታ ድምጽ ነው፤ ሜሪላንድ ምክንያት አትጠይቅም፣ ጥያቄው ግን ቦርዱ ጋር እስከ ኦክቶበር 27 መድረስ አለበት።

ስለ ቋንቋም አንድ ነገር ልጨምር፣ ከመድረክ ቢነገር ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ሞንጎመሪ ካውንቲ የምርጫ ወረቀት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው የሚቀርበው፤ የፌዴራሉ የቋንቋ ድንጋጌ አማርኛን አይሸፍንም። (ድንበሩን ተሻግራችሁ ዲሲ ብትገቡ ነገሩ ይለያል፤ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕጋቸው አማርኛን ያካትታል።) ይሁንና ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የመረጠውን ሰው ይዞ ወደ ድምጽ መስጫው መግባት በፌዴራል ሕግ መብቱ ነው። ልጅ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው ይሆናል። የማይፈቀደው አሠሪው ወይም የአሠሪው ተወካይ፣ ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሹም ነው። እንግሊዝኛ አላነብም ብለው ቤት የሚቀሩ እናቶች ይህን አያውቁም።

ባለሚክሰር

ስለ ቅደም ተከተሉና ስለ ድምጹ ልናገር።

ትኬቱ ላይ ከምሽቱ 6 ሰዓት (ሁሉም በአሜሪካ አቆጣጠር ነው) ተብሎ ቢጻፍም አዳራሹ የሚሞላው ከምሽቱ 8 ተኩል በኋላ ነው፤ ይህን ለመለወጥ አትድከሙ። ዋናውን ማስታወቂያ 7 ሰዓት ላይ ካነበባችሁት የሚሰማችሁ ወንበር ብቻ ነው። ኮሜዲያኑን ምግብ እየታደለ አታውጡት፤ ትሪ ሲንኳኳ የቀልዱ መቋጫ ይጠፋል። ትሪዎቹ ይነሡ፣ መብራቱ የታዳሚው በኩል ይደብዝዝ፣ የፊት ወንበሮች ባዶ አይሁኑ። የመጀመሪያው 9፡15 ላይ 12 ደቂቃ፣ ቀጥሎ አዝማሪው 25 ደቂቃ፣ ሁለተኛው ኮሜዲያን 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ባንዱ እስከ መዝጊያ። እስክስታ ከተጀመረ በኋላ ማንንም ኮሜዲያን አታውጡ። ላብ የወረደውን ሰው ቁጭ በል ብሎ ማሳቅ ዘበት ነው።

የምዝገባ ማስታወቂያው የት ይግባ ላላችሁት፣ ተፈጥሯዊ ቦታ አለው። ክራር ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ወይም ወደ አንቺሆዬ ሲሻገር ክሩ እንደገና መቃኘት አለበት፤ ያ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል፣ ኪቦርዱ ግን ወዲያው ይቀየራል። ብዙ ባንድ ያንን ክፍተት በኪቦርድ ይሸፍነዋል። እናንተ ለመድረክ መሪው ስጡት፤ 60 ሴኮንድ፣ ከዚያ አይለፍ። ሰው ሙዚቃው እንደሚቀጥል ስለሚያውቅ አይበሳጭም። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን፦ «የአሜሪካ ዜጋ ለሆናችሁ፦ ስማችሁ መዝገብ ላይ መኖሩን በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ማንን እንደምትመርጡ ማንም አይጠይቃችሁም። ኦክቶበር 13ን አትርሱ።» አለቀ። የእጩ ስም የለም፣ ምክርም የለም።

ጠረጴዛው ከአዳራሹ ውጭ፣ ኮሪደሩ ላይ ይሁን። ስፒከር አጠገብ ካቆማችሁት ሰው «ስምህ እንዴት ነው የሚጻፈው?» ሲባል እየጮኸ ሊመልስ ነው፣ አድራሻውን ሁሉም ሰማ ማለት ነው። የጠረጴዛ መብራት አትርሱ። ምድር ቤት ያለ አዳራሽ ከሆነ ስልክ ኔትወርክ ስለማይይዝ ሆትስፖት ያዙና ቀን ሄዳችሁ ሞክሩት።

ድምጽ፦ ክራሩ ፒክአፕ (መሣሪያው ላይ የተገጠመ ድምጽ ተቀባይ) ካለው በዲአይ ቦክስ፣ ማለት መሣሪያን በገመድ ከሚክሰር በሚያገናኝ ሳጥን፣ በቀጥታ ይግባ። ማሲንቆ በዲአይ አይሆንም፤ ትንሽ ማይክ ከቆዳው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ወደ ሞኒተሩ ጀርባውን ሰጥቶ። አዝማሪው በታዳሚው መሀል እየዞረ ከተጫወተ ግን የቆመ ማይክ ዋጋ የለውም፤ ለዘፈኑም ለማሲንቆውም ገመድ አልባ ክሊፕ ያስፈልጋል፣ ስፒከሩ ፊት ሲደርስ እንዳይጮህ መንገዱን አስቀድማችሁ አሳዩት። ለኮሜዲያን ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ የመድረክ ሞኒተሮችን ዝጉ፣ የድራም ማይኮችንም ዝጉ። ቃሉ ካልተሰማ ቀልዱ ቀልድ አይደለም፤ በፖለቲካ ቀልድ ደግሞ ግማሽ ቃል የሰማ ሰው የቀረውን ከራሱ ይሞላዋል። አዳራሹ ረጅም ከሆነ መሀል ላይ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አክሉ፤ በሜትር 3 ሚሊ ሴኮንድ ገደማ ማዘግየት ነው፣ 15 ሜትር ላይ 44 አካባቢ ይመጣል።

ሰምና_ወርቅ

ኮሜዲያኖቹን ቀልዳቸውን አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያስገቡ አትጠይቁ። ጥሩው እምቢ ይላል፣ እሺ የሚለው ጥሩ አይደለም። የርዕስ ዝርዝር ብቻ ጠይቁ፤ በውሉ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር በግልጽ ይቀመጥ፦ «እገሌን ምረጡ» ወይም «አትምረጡ» አይባልም፣ ብሔርና ሃይማኖት አይሰደብም። ማኅበሩ 501ሲ3 ስለሆነ የመጀመሪያው ነገር ግዴታ ነው። ከ1954 ጀምሮ ያለው ሕግ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ለእጩ እንዲቀሰቅሱም ሆነ በእጩ ላይ እንዲቀሰቅሱ አይፈቅድም። በባለሥልጣን መሳቅ ግን ቅስቀሳ አይደለም።

ምን ያስቃል? እዚሁ ያለው ነገር። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም፤ በሕግ ከተማ አይደለችም፣ ካውንቲው ነው የሚያስተዳድራት። «የሲልቨር ስፕሪንግን ከንቲባ አውቀዋለሁ» የሚል ጉረኛ ገጸ ባሕርይ ብቻውን 5 ደቂቃ ይወጣዋል፤ ታዳሚውም እየሳቀ ለማን አቤት እንደሚባል ይማራል። የፓርኪንግ ቅጣት፣ የቤት ኪራይ፣ የኤምቪኤ ወረፋ፣ ልጁ የሚያስተረጉምለት የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ሁሉም ሰው የኖረበት ነው። የአንዱን ክፍለ ሀገር አነጋገር እየቀዱ ማሳቅ የቆየ ልማዳችን ነው፣ በሰርግ ቤትም ያልፋል። ፖለቲካ በገባበት መድረክ ላይ ግን ያው አነጋገር የ«እነሱ» ምልክት ይሆናል። ይቅርባችሁ። አንድ የማያቋርጥ ችግርም አለ፦ ስልክ። የ4 ደቂቃው ቀልድ መቋጫው ብቻ 15 ሴኮንድ ሆኖ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ መነሻው የለም፣ ኮሜዲያኑ ሲሰደብ ይሰነብታል። እናንተው ሙሉውን ቅረጹና በማግሥቱ በፈቃዱ ልቀቁት፤ ቁራጩ ሲመጣ ሙሉው እዚያ ይኖራል።

«ተቀበል»ን በተመለከተ፣ ግጥሙ በወረቀት ይምጣ። በየጠረጴዛው ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ሁለት ስንኝ፣ ወል ቤት፣ ማለት በግማሽ ስንኝ 6 ቀለም፣ 6 በ6። መድረክ መሪው ይሰበስባል፣ አዝማሪው እረፍት ላይ አይቶ ይመርጣል። ወረቀቱ ስድብ ያጣራል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሰውን ሰም እንዲፈልግ ያስገድደዋል፤ በቃል የሚጮህ ሰው ወርቁን እንዳለ ይወረውረዋል። ምሳሌ ላድርግላችሁ፦

ጎረቤቴ ታማ ድምጿ ጠፋ አሉ፣
ቆጣሪዎች መጥተው ሌላ ይቆጥራሉ።

ሰሙ ጉንፋን ነው። ወርቁ ኮሪደሩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ነው። የማንም እጩ ስም አልተነሣም፣ ማንም አልተሰደበም፣ ያልተመዘገበው ግን እንደተነካ ያውቃል።

ሽልማቱ ላይ ተጠንቀቁ። ለአዝማሪው ግንባር ላይ የሚለጠፈው ዶላር የአዝማሪው ነው። አንዱ ሞቅ ብሎት «ይቺ ለእገሌ ምርጫ!» ብሎ ሃያ ዶላር ቢያወጣ መድረክ መሪው በሳቅ ይመልሰው፤ በዚህ አዳራሽ ለእጩ ገንዘብ አይሰበሰብም።

አድናቂ_20910

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ቢራው ቀርቷል። ሁለት ነገር ቀረኝ። ከታዳሚው ግማሹ የጎረቤታችን ከተማ የታኮማ ፓርክ ነዋሪ ነው፤ «እዚያ ግሪን ካርድም ይመርጣል» የሚሉ አሉ፣ እውነት ነው? ተወዳዳሪውንስ ምን ልበለው? አንደኛዋ ድምጻዊት ደግሞ ከአዲስ አበባ በጎብኚ ቪዛ የመጣች ናት፣ በነጻ እዘፍናለሁ ብላለች።

ቆጣሪ

ታኮማ ፓርክ እውነት ነው። ከ1992 ጀምሮ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማው ምርጫ፣ ለከንቲባና ለከተማው ካውንስል ብቻ፣ መምረጥ ይችላል፤ ከ2013 ወዲህ ደግሞ ዕድሜው 16 የሞላም ይችላል። ነገር ግን ዜጋ ያልሆነው የሚመዘገበው በከተማው ጸሐፊ ቢሮ፣ በከተማው የራሱ ፎርም ነው። የእናንተ ኪውአር ኮድ ወደ ስቴቱ ነው የሚወስደው! ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ የተደባለቀ ቀን ከላይ የተጻፈው አደጋ ይደርሳል። የከተማውን ቢሮ አድራሻ የያዘ ሌላ ቀለም ያለው ካርድ ብቻ ስጡ፣ «ዜግነት እየጠየቁ ከሆነ አስቀድመው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ» የሚል መስመር ይኑርበት። ፖስታው ታኮማ ፓርክ የሚለው ሁሉም ሰው በከተማው ወሰን ውስጥ አይደለም፤ ይህም ካርዱ ላይ ይግባ።

ተወዳዳሪው ማይክ ከተሰጠው ለዚያው ወንበር የሚወዳደሩት ሁሉ መጋበዝ አለባቸው፤ ግብዣው በጽሑፍ፣ እኩል ደቂቃ፣ የገንዘብ ልመና የለም። ሙዚቃ ልትሰሙ መጥታችሁ የአምስት ሰው ንግግር አትፈልጉም። ቀላሉ ትኬት ገዝቶ እንደማንኛውም ሰው ቁጭ ማለቱ ነው። መድረክ መሪው «የነገው ካውንስላችን» ብሎ እንዳያስተዋውቀው አደራ።

በእርግጥ እሱን መደገፍ የምትፈልጉ ካላችሁ በሌላ ቀን፣ በሌላ ቤት፣ ማኅበሩ የሌለበት ዝግጅት አድርጉ። ለኮንግረስ እጩ ከሆነ የትኬቱ ሙሉ ዋጋ መዋጮ ነው፣ የክትፎው ሒሳብ አይቀነስም፤ ከአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ አይወሰድም፤ ግሪን ካርድ ያለው መስጠት ይችላል፣ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን አይችልም። ለካውንቲና ለስቴት እጩ የሜሪላንድ የራሱ ደንብ አለ፣ የእጩውን ገንዘብ ያዥ ጠይቁ።

ድምጻዊቷ አትዝፈን። በጎብኚ ቪዛ ትኬት የተሸጠበት መድረክ ላይ መውጣት፣ ክፍያ ባይኖርም፣ ቪዛዋን ያበላሽባታል። ለዚያ ለአርቲስቶች የሚሰጠው የፒ ወይም የኦ ቪዛ አለ፣ በሁለት ሳምንት ግን አይደርስም። እንግዳ ሆና ትቀመጥ።

የጠጅ_ቤት_ተማሪ

ሰምና ወርቅ የጻፈው ጥሩ ነው፤ ግን «እዚሁ ያለው ነገር» ብላችሁ የሀገር ቤቱን በር የዘጋችሁ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። በመስኮት ይገባል። ከ2020 እስከ 2022 ከነበረው ጦርነት ወዲህ አዳራሹ ውስጥ ማን ከማን አጠገብ እንደማይቀመጥ አዘጋጅ ሁሉ ያውቃል። ቃል ሳይነገር ፖለቲካ የሚናገሩ ነገሮች አሉ።

ባንዲራ አንደኛው ነው። ልሙጡን ብትሰቅሉ አንድ ወገን፣ ኮከብ ያለበትን ብትሰቅሉ ሌላ ወገን ይነሣል፤ ሁለቱንም ብትሰቅሉ ሁለቱም። መድረኩን በአደይ አበባና በቄጤማ አስጊጡት፤ ቀኑ እንቁጣጣሽ ነው፣ ማንም «ለምን አበባ?» አይልም። የኅሊና ጸሎት ይደረግ የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል፤ «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ከጸሎቱ ይረዝማል። ለተፈናቀሉ ገንዘብ መሰብሰብ ካስፈለገ በሌላ ምሽት ይሁን፣ ከምዝገባው ጠረጴዛ ጎን ሳጥን አታስቀምጡ፤ ሰው ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

ሁለተኛው የዘፈን ቅደም ተከተል ነው። ባንዱ አማርኛውን አሥር ዘፍኖ ኦሮምኛና ትግርኛን መጨረሻ ላይ አንዳንድ ጣል ካደረገ፣ እነዚያ ታዳሚዎች ማሟያ መሆናቸውን ሳይነገራቸው ያውቁታል፣ ጠረጴዛውም ጋ አይደርሱም። ከመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች ውስጥ ይግቡ፤ ጉራጊኛውን ደግሞ ለጭፈራው መክፈቻ አቆዩት፣ ማንንም ወንበር ላይ አያስቀርም። በጎ ፈቃደኞቹም እንዲሁ፤ አራቱ የአንድ ሰፈር ልጆች ከሆኑ ጠረጴዛው የዚያ ሰፈር ይሆናል።

አንድ ሰው ተነሥቶ ከጮኸስ? መድረክ መሪው አይመልስለት፣ ማይክም አይስጠው። ከባንዱ ከበሮ መቺ ጋር አስቀድሞ ምልክት ይነጋገር፤ ምልክቱ ሲታይ ወዲያው ፈጣን የጉራጊኛ ምት ይገባል፣ ሁለት የሚከበሩ ትልልቅ ሰዎች ቀስ ብለው ሄደው ጎኑ ይቀመጣሉ። ጥበቃ መጨረሻ ነው። ምልክቱን ሳውንድ ቼክ ላይ አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ ከበሮ መቺው ብዙ ጊዜ ወደ መድረክ መሪው አያይም።